የቮልሷ ማስታወሻ፦ «እንደ ድሮዋ» ማለት እንደ መቼዋ ነው?

ጥቅምት 9

ልጠግናት የተቀበልኳት ቮልስ የሻንሲ ቁጥሯ በ116 ይጀምራል። 11 የቮልስ ዓይነት መለያ ነው፤ 6 ደግሞ የ1966 ሞዴል መሆኗን ይናገራል። በፈረንጅ ከነሐሴ 1965 እስከ ሐምሌ 1966 ባለው ጊዜ ተሠርታለች ማለት ነው፤ በእኛ 1957 ማለቂያ ወይም 1958 ላይ። ቁጥሩን ለማየት የኋላ መቀመጫውን አንስቼ በወለሉ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጎርባጣ ላሜራ ላይ የደረቀውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቅሁ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማስቀመጫ ሥር ነው፤ በኤፍ ፊደል ይጀምራል። ኤፍ የ1300 ሞተር ምልክት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ገጠሙ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእጄ ካለፉት ቮልሶች ብዙዎቹ የሌላ ቮልስ ሞተር ተሸክመው የሚዞሩ ነበሩ። ይቺ ግን ከነሞተሯ ያረጀች ናት፤ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት፣ አራቱም እግር ላይ የታምቡር ፍሬን፣ ቸርኬዋ በአምስት ብሎን የሚታሰር። የፊት መብራቶቿ ገና ወደ ኋላ ጋደል ያሉት፣ መስታወት የሚሸፍናቸው ዓይነት ናቸው። በፈረንጅ ከነሐሴ 1967 በኋላ የመጡት ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ቮልስ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ የሚለየው በዚህ ነው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። የጥገናውን ብር የሚከፍለው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ነው። የሁለቱ ትእዛዝ ግን ለየቅል ነው። ጋሼ «ልጄ፣ እንደ ድሮዋ አድርግልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። ማታ ልጁ ደወለ። «አያ፣ ሞዲፋይ እናድርጋት» ብሎ ዝርዝሩን አወረደው፦ 1600 ሞተር፣ 17 ኢንች ቸርኬ፣ ዝቅ ያለች፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፣ የዲስክ ፍሬን፣ ባለ ቆዳ ወንበር። ከጥምቀት በኋላ በሚመጣው ሰርግ ለሙሽራ ሊያከራያት አስቧል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ራሷን የማትችል አሮጌ መኪና መጨረሻዋ ጓሮ ነው።

ለሁለቱም «እሺ» አልኩ። በአንድ መኪና ላይ ሁለት «እሺ» እንዴት እንደሚያድር ወደፊት እናያለን።

ጥቅምት 14

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አካሏን ሁሉ ዳሰስኩ። ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተከምሯል። የግራ ኋላ ጭቃ መከላከያ ግማሹ ስቱኮ ነው። የሁለቱ በሮች ሥር ደህና ይመስላል፣ ግን ጣት ሲጫኑት ይሰበራል። ጣሪያዋ ንጹሕ ነው፣ ኮፈኑም እንደዚያው።

ቀለሟ ነገር አመጣ። ከላይ ቀይ ናት፤ ሊብሬውም «ቀይ» ይላል። በአሸዋ ወረቀት ሳሳሳው ከቀዩ ሥር ሰማያዊ ወጣ፣ የሰማይ ዓይነት። የነዳጅ ታንኩን ሳወርድ ደግሞ ከጀርባው ማንም ብሩሽ ያላነካው የፋብሪካ ቀለም አገኘሁ፤ ወተት የመሰለ ነጭ። በዕቃ መያዣዋ ውስጥም ያው ነጭ ነው።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ነጩን አይተው «ይሄ የማን መኪና ነው?» አሉ። እሳቸው በ1966 ዓ.ም. ከኮሌጁ የውጭ አገር መምህር ላይ ሲገዟት ነጭ ነበረች፤ ግን ወዲያው ሰማያዊ አስቀቧት። ባለቤታቸውን ያገቡት፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሱት በሰማያዊዋ ነው። ቀዩን የቀባው በኋላ የተዋሳት ዘመዳቸው ነው፤ እሱን ሲያነሱ ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ጋሼ «ድሮ» ሲሉ የፋብሪካዋን ቀን ማለታቸው አይደለም፤ ቮልስዋገን ያወጣት ነጭ መኪና ለእሳቸው ባዕድ ናት።

የጣሪያ ዕቃ መጫኛዋም፣ ፖርቶመጋላዋ፣ የዚያው ዘመን ናት። እዚሁ ጎንደር አንድ ባቱላሜራ (ላሜራ ቀጥቃጭ) በእጁ አጣምሞ የሠራት፣ በብየዳ ሳይሆን የጣሪያውን የውኃ ማውረጃ ጠርዝ በሚነክሱ መንጠቆዎች የምትታሰር። ብየዳዋ ዛሬ ከምናየው ብዙ ሥራ ይሻላል። ልጁ «አውልቀህ ጣላት» ብሎኛል። አልጥላትም።

ጥቅምት 23

ጎረቤቴ ግንበኛ ነው፤ በፋሲል ግቢ ጥገና ላይ ሠርቷል። ቡና ስንጠጣ የቮልሷን ነገር ሳነሳለት ሳቀና የራሱን ጉዳይ ነገረኝ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን ሲጠግን ሲሚንቶና ባለ ብረት ኮንክሪት ተጠቀመ። ሲሚንቶ ከድንጋዩና ከኖራው ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ውኃውን ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይበላል። ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን እየፈነቀሉ በኖራ ተኩት። «የእኛ ሕግ አንድ ነው» አለኝ፤ «ነገ የሚመጣው ሰው አንተ የሠራኸውን ድንጋዩን ሳይጎዳ ማንሳት አለበት።»

ለካ የመኪናዎቹም ሰዎች ወደዚያው ደርሰዋል። የሕንፃና የቅርስ ጥገና የሚመራበት የቬኒስ ቻርተር በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣ። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ያንን መነሻ አድርጎ የቱሪን ቻርተርን አዘጋጀ። በእነሱ መለኪያ ታሪካዊ መኪና የሚባለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው ነው። ሰነዱ ጠበቅ ያለ ቢሆንም ሁለት ነገር ወደድኩለት። አንደኛ፣ መኪናው በኖረበት ዘመን የተደረገ ለውጥ የታሪኩ አካል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጎንደሩ ባቱላሜራ ፖርቶመጋላ መብት አላት። ሁለተኛ፣ ዛሬ የግድ የሚጨመር ነገር ካለ የማይጮህና የሚመለስ ይሁን ይላል።

ከዚህ በኋላ ሥራዬን የምመዝንበት ነገር አገኘሁ። ፋብሪካው ሠራው አልሠራው ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ብሎን ፈትቼ መመለስ እችላለሁ ወይስ መቁረጥ አለብኝ? በብሎን የሚገባ ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው። መጋዝ የሚጠይቅ ነገር ጋራዤ ውስጥ አይገባም።

ኅዳር 2

አካሏን ከሻንሲዋ ለየናት። ቮልስ በዚህ ደግ ናት፤ ሠላሳ ገደማ ብሎን ከተፈታ የጋራዡ ልጆች አካሉን በእጅ ያነሱታል። ከፈታናቸው ውስጥ የተበጠሱትን መቁጠር አልፈልግም።

ወለሉ በቀኝ ጎን ትክክል ባትሪው ሥር በስብሶ ቀዳዳ ሆኗል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ይቀመጣል፤ አሲዱ ይንጠባጠባል፣ ላሜራው ይበላል። ሌላም አደጋ አለ። የመቀመጫው ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል፣ የመቀመጫው ሙሌት ደግሞ ደረቅ ጭረት ነው። በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። መሸፈኛ ጎማ አደረግሁበት።

ዝገቱን በትልቁ ቆርጬ አዲስ ላሜራ በየድኩ። «መጋዝ አይገባም አላልክም?» ትሉኝ ይሆናል። የበሰበሰውን ቆርጦ በቅርጹ መመለስ ጥገና ነው፤ ደህናውን ቆርጦ ሌላ ቅርጽ ማውጣት ሌላ።

ኅዳር 11

ዛሬ የሞተሩ ቀን ነው፤ ጭቅጭቁም የከረረው ዛሬ ነው።

ጋሼ ሞተሯ እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ልጁ 1600 ይላል። እኔም እንደ ወትሮው ለአባትየው ልፈርድ ነበር፤ ግን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልጁ ባያውቀውም ልክ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ ሃያ ያህሉን ያጣል። 40 ፈረስ የተባለችው ቮልሳችን እዚህ 32 ገደማ ናት ማለት ነው። አራት ሰው ጭና ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። 1600 ሞተር ደግሞ እንደ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ እንደሚገጥመው ክፍል) ዓይነት 47 ወይም 50 ፈረስ ነው፤ እዚህ ከመቶ ሃያው ሲቀነስ 38 ወይም 40 ይሆናል። እንግዲህ ጎንደር ላይ 1600 የገጠመ ሰው ፋብሪካው ለቆላ ሰው የሰጠውን ያንኑ 40 ፈረስ አገኘ እንጂ ከፋብሪካው አልበለጠም።

ይህን ለጋሼ በወረቀት ጻፍኩላቸው። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ አገላብጠው አዩት፣ ስሕተትም ፈለጉ። ከዚያ «ቁጥሯስ?» አሉ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ቁጥሯ ያለው በሞተሩ ግንድ ላይ ነው። የ1300ና የ1600 ክራንክ ጉዞ አንድ ነው፣ 69 ሚሊ ሜትር። የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ የእኛዋ 77፣ የ1600ው 85.5። ስለዚህ ባለ ኤፍ ግንዷን ሳልቀይር ሲሊንደር፣ ፒስቶንና ቴስታታ ብቻ ቀይሬ 1600 ላደርጋት እችላለሁ። ቴስታታውን የአየርና ነዳጅ ማስገቢያው ባለ አንድ አፍ የሆነውን መረጥኩ፤ የራሷ ካርቡራቶርና ማኒፎልድ እንዲገጥሙ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይቆያል። የድሮዎቹ ሲሊንደሮች ግሪስ ተቀብተው በሳጥን ይቀመጣሉ፤ ማንም ሲፈልግ ይመልሳቸዋል።

መለዋወጫ ማግኘቱም ለ1600 ይቀላል። ሜክሲኮ ፑዌብላ ያለው ፋብሪካ ቮልስን እስከ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠራ ነበር። በዓለም በጠቅላላ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች፤ የኋለኞቹ ዕቃ ገበያው ላይ እስከ ዛሬ አለ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፣ መንገዱ እስከፈቀደ።

ኅዳር 19

ሞተሩ ተገጣጠመ። ቫልቮቹ በቀዝቃዛው 0.10፣ ብልጭታውን የሚቆርጠው ፑንቲና 0.4 ሚሊ ሜትር። ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ለብሰው የሚወጡት አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ስለሚበዛባት ነው፤ ካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን የናስ ቀዳዳ በአንድ ደረጃ በጠበበች ተካሁ።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ወደ ፋብሪካው አሠራር መመለሱ ነው። ያለፉት መካኒኮች «ሞቃት አገር ነው» ብለው ቴርሞስታቱንና የአየር ማስተላለፊያ ክዳኖቹን አውጥተው ጥለዋል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ መዝጊያም የለም። ቮልስ ውኃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ጎማው ከሌለ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባና የጋለችውን መልሶ ያግላል። ያ ተራ ጎማ ጠፍቶ ባለ ትልቅ ዘይት ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። በመጀመሪያ መሐንዲሱ ያሰበውን መልሱ፤ ካልበቃ ያኔ ሌላ ጨምሩ።

የነዳጅ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርኩ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከሞተሩ በላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ካንጠባጠበና ከተቀጣጠለ፣ የቮልስ ሞተር ግንድ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ራሱ ይነዳል። ያንን እሳት በባልዲ ውኃ አታጠፉትም።

ኅዳር 27

ከ6 ወደ 12 ቮልት። ጋሼ አልተቃወሙም፤ በ6 ቮልቱ መብራት ማታ ከጎርጎራ ሲመለሱ መንገዱን በግምት ይነዱ እንደነበር ራሳቸው አጫወቱኝ።

ሽቦዎቹ አይቀየሩም። 6 ቮልት ለተመሳሳይ ኃይል እጥፍ ከረንት ስለሚፈልግ የፋብሪካው ሽቦ ወፍራም ነው፣ ለ12 ይተርፋል። የሚቀየሩት ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩ፣ ቦቢናው፣ አምፖሎቹ፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻ ሪሌውና የካርቡራቶሩ ኤሌክትሪክ ክፍሎች ናቸው። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ በ12 ይሠራል፣ ጠንከር ብሎ ይመታል እንጂ። የነዳጅ ጌጁ ኤሌክትሪክ እንኳ አይደለም፤ ከታንኩ በካቦ የሚጎተት ነው፣ ስለ ቮልት ግድ የለውም። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ግን 6 ቮልት ሆኖ ቀርቷል፤ ሬዚስታንስ ያስፈልገዋል።

ልጁ ይህን ሲሰማ ሌላ አመጣ፦ «ኤሌክትሪኳን ከነካህ አይቀር ሙሉ ኤሌክትሪክ አናደርጋትም? የቤንዚን መኪና እኮ ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም።» እገዳው እውነት ነው፣ የቤንዚኑ ወረፋም የሚታወቅ ነው። ሥራውም ሊሠራ ይችላል። ቮልስዋገን ራሱ ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ኤሌክትሪክ የሆነች ቮልስ አሳይቷል፤ በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ። ክብደቷ ግን 1280 ኪሎ ነበር። የእኛዋ 800 ኪሎ ገደማ ናት። ያንን ጭማሪ የሚሸከም ፍሬንና እግር ሁሉ አዲስ ይሆናል፤ ከድሮዋ የሚተርፈው ቆብ ብቻ ነው። «እሱን ሌላ መኪና ላይ እንሞክረዋለን» አልኩት።

ታኅሣሥ 8

ፍሬን። ልጁ ዲስክ ይፈልጋል። እኔ ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጥኳቸው፤ በአዲስ ሽፋንና በትክክለኛ ማስተካከያ ይቺን ቀላል መኪና አሳምረው ያቆሟታል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። የ1966 ቮልስ የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር አብሮ ይጠፋል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ሲወርዱ ይህ ቢያጋጥም የሚሆነውን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ፊትና ኋላው የተለያየበትን፣ በኋላ ሞዴሎች ላይ የመጣውን ባለ ሁለት መስመር ዋና ፓምፕ ገጠምኩ። በብሎን ይገባል፣ በብሎን ይወጣል፣ ከውጭ የሚያየው የለም። ጋሼ አላወቁም ነበር፤ ነገርኳቸው። «ይሄማ ከመጀመሪያውም ሊኖራት ይገባ ነበር» አሉ።

ዝቅ ማድረጉ ግን ቀረ። የኋላው በቶርሽን ባሩ (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ በሚሠራው ብረት) ጥርስ ላይ አዙሮ ይወርዳል፣ ይመለሳልም። የፊቱ ግን በተለመደው መንገድ አክሰሉን ቆርጦ ማስተካከያ መበየድ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ቆምኩ። ደግሞስ በየትኛው መንገድ ልትሄድበት ነው? የማራኪ ሰፈር ኮብልስቶን ሆዷን ሊልጣት? አብዛኛው 17 ኢንች ቸርኬም አምስቱ ብሎን ላይ አይገጥምም፣ አዳፕተር ይፈልጋል። የራሷን 15 ኢንች ቸርኬ አጽድቼ የኒኬል ቆቡን አስነጣሁት። ለልጁ ፎቶ ላክሁለት። መልሱ «ኧረ!» የሚል ብቻ ነበር፤ ስለ ቸርኬ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ታኅሣሥ 24

ቀለም። ጥቁር የሚባለው ነገር በጋሼ ፊት ሁለተኛ አይነሳም። እኔ በልቤ ለነጩ አዝኛለሁ፤ ውድድር ላይ ብትቀርብ ዳኞቹ የሚጠይቁት እሱን ነው። ግን ነጯን ቮልስ የሚያስታውስ ጎንደር ውስጥ ማን አለ? ሰማያዊ ተቀባች። ጥላውን ያገኘሁት ከቀዩ ሥር ካወጣሁት ቁራጭ ነው። ከነዳጅ ታንኩ ጀርባ ያለውን የፋብሪካ ነጭ ሳልነካ ተውኩት፤ ከእኔ በኋላ የሚፈታት ሰው ይየው።

ፖርቶመጋላዋ ተጠግና ጥቁር ተቀባች። መንጠቆዎቿን አላልቶ ማውረድ ቀላል ስለሆነ ስምምነት ተደረገ፦ ለሰርግ ስትወጣ ትወርዳለች፣ ጋሼ ሲነዱ ትወጣለች።

ጥር 6

እስከ አዘዞ ወርጄ ተመለስኩ። ወደ ላይ ስመለስ በሦስተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት ወጣች። ፍሬኗ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ዘይት ከአንድ የቫልቭ ክዳን ትንሽ ያልባል፤ ጓርኒሲዮኑን እቀይራለሁ።

ጋሼ ራሳቸው ነዷት። ስለ ቀለሟ ምንም አላሉም። «ፍሪሲዮኗ ከፍ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ዝቅ አድርግልኝ» አሉ። አደረግሁ።

ጥር 19

የሰርግ ሥራ ጀምራለች። ልጁ ለጥምቀት መጥቶ ስለነበር በፋሲል ግንብ አጥር ሥር ፎቶ ሲነሱባት አይቷል፤ ፎቶ አንሺዎቹ ራሳቸው «ምንም እንዳትነካት» አሉት። እኔ ያን ያህል ወር ስለው የነበረውን ነገር ከእነሱ ሲሰማው ገባው።

የቀረ ሥራ አለ። በሊብሬው ላይ «ቀይ» የሚለው «ሰማያዊ» መባል አለበት፤ ለቦሎ ምርመራ ከመቅረቧ በፊት ማመልከቻው ገብቷል። የሞተሩ ቁጥር ስላልተነካ ጥያቄው የቀለም ብቻ ነው። የቀኝ በር ጎማ አልመጣም። የዝናብ መጥረጊያው ሬዚስታንስም ከአዲስ አበባ አልተላከም። ጋሼ «አሁን በጋ ነው፣ ምን አስቸኮለህ» ይላሉ፤ እኔ ግን የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ካላገኘሁት ለዚያ ሞተር ብቻ ከመብራቱ መስመር የተለየ 6 ቮልት የሚያወጣ ማሳነሻ እዚሁ አሠራለታለሁ።